መኪናና መልክዓ ምድር በፎቶግራፍ ክፈፍ ውስጥ
ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ያለው የስምጥ ሸለቆ መንገድ የሚነግረን ታሪክ

ፎቶግራፍ የኅብረተሰብ ማስታወሻ ነው ሲባል ዘወትር ይሰማል። ይሁን እንጂ ማስታወሻውን ማን እንደ ጻፈው፣ ከፊቱ ከነበረው ነገር ምኑን እንደ መረጠና ምኑን እንደ ተወ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ይህ ጥያቄ በተለይ የሚነሣው፣ ብዙ ሰዎች እንደ ቀላል ጨዋታ በሚቆጥሩት አንድ የፎቶግራፍ ዓይነት ላይ ነው፤ እርሱም በሜዳ፣ በመንገድ ዳር ወይም በሐይቅ አጠገብ ቆሞ የተነሣ መኪና ፎቶግራፍ ነው።

አዳማ ውስጥ፣ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ ብዙ በማይርቅ አንድ ቤት ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ አይቻለሁ። ጥቁርና ነጭ ነው። በመካከሉ ሕዝባችን «ኤንትሬ» ብሎ የሚጠራው የፊያት የጭነት መኪና ቆሟል። ሾፌሩ አንድ እግሩን ፓራውርቲው ላይ አሳርፎ፣ እጁን በወገቡ ይዞ ካሜራውን ትኩር ብሎ ያያል። ከበስተኋላ አንድ ግራር ጥላውን ዘርግቷል። በክፈፉ ግራ ጠርዝ ላይ ግን ጀሪካን የያዘ አንድ ክንድና ግማሽ ትከሻ ብቻ ይታያል። የቀረው አካል ከፎቶግራፉ ውጭ ነው።

የቤቱ እመቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። «እማማ፣ ይህ ሾፌር ዘመድዎ ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ጣታቸውን ክንዱ ላይ አሳረፉ። «የለም ልጄ። የእኔ ሰው ይኸኛው ነው። ያኔ ረዳት ነበር። ሾፌሩ ለማስታወሻ ብሎ ሰጠው። በጉብዝናው የተነሣው ሌላ ፎቶግራፍ የለንም» አሉኝ።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ክንድ ነው። ክንዱ ከክፈፉ የወጣው በአጋጣሚ ነው? ወይስ መኪናን ከመልክዓ ምድር ጋር አቀናብሮ የማንሣት ልማዳችን ራሱ አንዳንዶችን ወደ መካከል እየሳበ፣ ሌሎችን ወደ ጠርዝ እየገፋ ኖሯል? ለዚህ መልስ ለማግኘት ጉዳዩን ከሥሩ መመልከት ይገባል።

ካሜራው ቀደመ፣ መኪናው ተከተለ

ፎቶግራፍ በአውሮፓ ለሕዝብ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። ወደ አገራችን ለመግባትም እምብዛም አልዘገየም። ሚስዮናዊው ሄንሪ ስተርን እ.ኤ.አ. በ1859 ካሜራ ይዞ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦርም የራሱን የፎቶግራፍ ባለሙያዎች አሰልፎ ነበር። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በአዲስ አበባ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ለመሆን በቃ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ወርሰው በዚያው መንገድ ቀጠሉ።

መኪና የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተሰኘች አውቶሞቢል ከጅቡቲ አስነሥቶ፣ በረሃውን ለወራት ሲታገል ቆይቶ፣ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልዝ ናኬ የምትባለዋን መኪና ይዞ ተከተለ። ዐፄ ምኒልክ አዲሱን ነገር ለመመርመር የነበራቸው ጉጉት የታወቀ ነውና በአውቶሞቢል ተቀምጠው ሄዱ።

በዚያ ዘመን መኪናን ማንሣት ማለት የቆመ ነገርን ማንሣት ማለት ነበር። ካሜራው ከባድ ነው፤ በሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይተከላል፤ ብርሃን የሚቀበለው መስተዋት አንድ በአንድ ይለወጣል። ስለዚህ መኪናይቱ በሜዳው መካከል ትቆማለች፤ ታላላቆቹ ከላይ ይቀመጣሉ፤ ሕዝቡ በዙሪያዋ ይሰለፋል፤ ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል። ይህ ቅንብር ከጥንቱ የግብር ሥርዓት ብዙም አይርቅም። መካከሉ የክብር ቦታ ነው፤ ጠርዙ የአጃቢ ነው። መኪናይቱን በጉልበታቸው የገፉት፣ ከአሸዋ ያወጧት፣ መንገድ የጠረጉላት ሰዎች ከጠርዙም ይወጣሉ። አዲሱ መሣሪያ ወደ አሮጌው የአቀማመጥ ሥርዓት ገባ እንጂ ሥርዓቱን አልለወጠውም።

በሌላው ዓለም በዚያው ዘመን የተለየ ሙከራ ይደረግ ነበር። ፈረንሳዊው ዣክ አንሪ ላርቲግ ገና ወጣት ሳለ የእሽቅድምድም መኪና አነሣ። ካሜራውን ከመኪናው ጋር እያዞረ ስላነሣና የካሜራው መዝጊያ ቀጭን ክፍተት ቀስ እያለ ይጓዝ ስለ ነበር፣ የመኪናው ጎማ ወደ አንድ ወገን ያዘመመ እንቁላል መሰለ፤ ተመልካቾቹ ደግሞ ወደ ተቃራኒው አዘነበሉ። ክፈፉ ለመኪናው አልበቃውም፤ ፊቱ ተቆርጧል። ፎቶግራፉ በዘመኑ መለኪያ የተበላሸ ነበር። ዛሬ ግን ፍጥነትን በዓይን ካሳዩ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይታወቃል። የመኪና ፎቶግራፍ ሁለት ሥር ያለው ነው ማለት ነው። አንደኛው መኪናን እንደ ዙፋን ያቆመዋል፤ ሁለተኛው እንደ ነፋስ ያበረዋል።

የወራሪው መኪና፣ የወራሪው ካሜራ

ሦስተኛው ሥር ያደገው በእኛው መሬት ላይ በጦርነት ነው። የፋሽስት ኢጣልያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1935 ወረራውን ሲጀምር፣ ሉቼ የተባለው የፊልምና የፎቶግራፍ ተቋሙ ለምሥራቅ አፍሪካ የተለየ ክፍል አቋቁሞ ነበር። ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ተነሥቶ ከ1,600 በሚበልጡ መኪናዎች ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስና ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ሲይዝ ካሜራው አብሮት ነበር።

የዚህን ዓይነት ፎቶግራፍ ቅንብር ማጤን ለባለሙያ ትምህርት ነው። ካሜራው ከፍ ካለ ቦታ ይቆማል፤ የመኪናዎቹ ሰልፍ ከክፈፉ አንድ ማዕዘን ወደ ሌላው ማዕዘን ሰያፍ ሆኖ ይወርዳል፤ ተራራው ከመኪናው በታች እንደ ተሸነፈ ነገር ይተኛል፤ የሰው ፊት አይለይም። ተመልካቹ ማለቂያ የሌለው ኃይል የሚመጣ ይመስለዋል። የተፈለገውም ይኸው ነው። ነገር ግን በጣርማ በር አቀበት አርበኞች መንገዱን አፍርሰውት ስለ ነበር ያ ሰልፍ በጭቃና በገደል ተይዞ ቆሟል፤ ወታደሮች ዲንጋይ እየተሸከሙ፣ መኪናዎቹን በገመድ እየጎተቱ ለማሳለፍ ተገደዋል። ይኸው መኪና ከላይ ሲነሣ ድል ይመስላል፤ ከታች፣ ከጎማው አጠገብ ሲነሣ ደግሞ ጭቃ የያዘው ብረት ነው። ካሜራ የሚቆምበት ቦታ የአስተሳሰብ ቦታ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ሲሄድ፣ ከኋላው የተወው ብረትና መንገድ ብቻ አልነበረም፤ ቃላትም ነበሩ። ጋቢና፣ ፓራውርቲ፣ ስፖንዳ፣ ፖርቶመጋላ፣ ጎሚስታ፣ ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት ስሞች በመካኒኩና በሾፌሩ አፍ ውስጥ ቀርተው አማርኛ ሆኑ። የጠላት መኪና የሠራተኛው መኪና ሆነ። የቀጣዩ ዘመን የመኪና ፎቶግራፍ የተወለደውም በዚሁ ሠራተኛ እጅ ነው።

የመንገድ ከተሞችና የፎቶ ቤት ጥበብ

የአዳማ መነሻ ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በመንገዱ ላይ ጣቢያ የተተከለባቸው ሥፍራዎች ወደ ከተማነት አደጉ። ሞጆና በኋላ ናዝሬት ተብላ የነበረችው አዳማ ከእነዚህ ናቸው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተመርቆ የአዋሽ ውኃ ሰፊ ሐይቅ ሠራ። አገዳ የሚያመላልስ፣ ስኳር የሚጭን፣ ከአርሲ እህል የሚያወርድ፣ ከደቡብ ቡና የሚያመጣ የጭነት መኪና ሁሉ አዳማን ወይም ሞጆን ይረግጥ ነበር። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው መንገድ ደግሞ መቂን፣ ዛሬ ባቱ የምትባለውን ዝዋይን፣ አዳሚ ቱሉን፣ ቡልቡላንና ሻሸመኔን እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ሰካቸው።

መኪና ባለበት ሾፌር አለ፤ ሾፌር ባለበት ሆቴል፣ ጎሚስታና ጋራዥ አለ፤ ከእነዚህ ጋር ፎቶ ቤትም ይከፈታል። የፎቶ ቤት አሠራር በአገራችን የታወቀ ነው። ግድግዳው ላይ የተሳለ መጋረጃ ይዘረጋል፤ በመጋረጃው ላይ ፏፏቴ፣ ቤተ መንግሥት፣ አይሮፕላን ወይም አውቶሞቢል ይሳላል። ሰውየው ከሥዕሉ ፊት ይቆማል። በሥዕሉ ያለው መኪና የማይሄድ ቢሆንም ምኞቱ ግን እውነተኛ ነበር። በባማኮ ከተማ እውቁ የማሊ ፎቶ አንሺ ሴዱ ኬይታ የራሱን ፔዦ መኪና ለደንበኞቹ እንደ መጋረጃ ሲጠቀምበት የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። መኪናው የማን እንደ ሆነ ፎቶግራፉ አይናገርም፤ ከፊቱ የቆመው ሰው ምን መሆን እንደሚፈልግ ግን ይናገራል።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን አንግቦ ከፎቶ ቤቱ ወደ ሜዳ ሲወጣ ነገሩ ተለወጠ። በዘመኑ ይሠራበት የነበረው ሰፊው ጥቅል ፊልም በአራት ማዕዘን ካሜራ የሚሰጠው 12 ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ፊልሙ ገንዘብ ነው፤ ማጠቢያው ገንዘብ ነው። ስለዚህ አንድ ፎቶግራፍ ከመነሣቱ በፊት ብዙ ይመከርበታል። መኪናው ይታጠባል፤ ከዛፍ ጥላ ይወጣል ወይም ወደ ጥላ ይገባል፤ ልብስ ይቀየራል፤ ሰዎቹ እንደየማዕረጋቸው ይደረደራሉ። ሾፌሩ ከፊት፣ ባለቤቱ ካለ ከሾፌሩ ቀድሞ፣ ረዳቱ ስፖንዳው ላይ ወይም ከጠርዝ። የዙፋኑ ቅንብር ከቤተ መንግሥት ሜዳ ወርዶ ግራር ሥር ደረሰ።

በቤተ መንግሥቱ በኩልም መኪና የሥልጣን ምልክትነቱን አልለቀቀም። የንጉሠ ነገሥቱ ሮልስ ሮይሶች በሕዝብ መካከል ሲያልፉ የተነሡ ፎቶግራፎች ብዙ ናቸው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በአንዲት ቮልስዋገን ነው። ስለ ሥርዓቱ መውደቅ ብዙ ተጽፏል። ሕዝብ ግን ዛሬም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ያችን ትንሽ መኪና ነው። ለዘመናት መኪናን እንደ ዙፋን አድርጎ ሲመለከት የኖረ ዓይን፣ የመኪናው ማነስ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

የስምጥ ሸለቆው ብርሃንና የቅንብሩ ሕግ

ታሪኩን በዚህ ካየን፣ ወደ ሙያው ዘልቀን መኪናን በዚህ ምድር ላይ እንዴት ማቀናበር እንደሚገባ መመልከት ይጠቅማል። ቅንብር የጣዕም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፀሐይ፣ የአፈርና የብረት ጉዳይም ነው።

በመጀመሪያ ፀሐይን እንመልከት። አዳማ በሰሜን ኬክሮስ 8 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ትገኛለች። በመሆኑም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ የቀትር ፀሐይ በአናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በእንዲህ ያለ ሰዓት የመኪናው ጣሪያ ይነድዳል፤ ጎኑ ይጠቁራል፤ በጋቢናው ውስጥ ያለው ሰው ፊት ጨርሶ ይጠፋል። ጥሩው ብርሃን የጧቱና የማታው ነው። ግን ጊዜው አጭር ነው። በእኛ ኬክሮስ ፀሐይ ከአድማስ የምትነሣውና የምትጠልቀው ቀጥ ብላ በመሆኑ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ከፍና ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ያ ለስላሳ ወርቃማ ብርሃን ከግማሽ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። በሰሜን አውሮፓ ያለ ፎቶ አንሺ ለሰዓታት የሚዝናናበትን ብርሃን የእኛ ባለሙያ በደቂቃ ቆጥሮ ይጠቀምበታል። መኪናውን ቀድሞ ማቆም፣ ቀድሞ ማጠብ፣ ቦታን ቀድሞ ማየት የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው አፈሩ ነው። በአዳማና በላንጋኖ መካከል ያለው ምድር በብዙ ሥፍራ የእሳተ ገሞራ አመድና ቀላል ነጣ ያለ ዲንጋይ ነው። እንዲህ ያለ መሬት ብርሃንን ወደ ላይ ይመልሳል። ከመኪናው ሥር ያለውን ጥላ ያሳሳል፤ የሰውንም ፊት ከታች ያበራል። በመተሐራ በኩል ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ከፈንታሌ ተራራ የወረደው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብርሃንን ይውጣል፤ ነጭ መኪና በእርሱ ላይ ሲቆም እንደ እንቁላል ጎልቶ ይወጣል፤ ጥቁር መኪና ግን ይሰወራል። የመኪናውን ቀለም ሳይመለከት ሥፍራ የሚመርጥ ፎቶ አንሺ ሥራውን ከግማሽ በታች ጀመረ ማለት ነው።

ሦስተኛው የብረቱ ጠባይ ነው። የታጠበ መኪና መስተዋት ነው። ፎቶግራፍ የሚነሣው መኪናው ብቻ ሳይሆን መኪናው የሚያየውም ሁሉ ነው። ሰማዩ በኮፈኑ ላይ፣ ሜዳው በበሩ ላይ፣ ፎቶ አንሺውም ራሱ በመስኮቱ ላይ ይታያል። ልምድ ያለው ሰው ከማንሣቱ በፊት መኪናውን ዞሮ በብረቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያነብባል። አድማሱ በመኪናው ጎን ላይ አንድ ንጹሕ መስመር ሆኖ ካረፈ የብረቱ ቅርጽ ይወጣል፤ የኤሌክትሪክ ምሰሶና የተመልካች እግር ከተቀላቀለበት ይደፈርሳል።

ከዚህ ሌላ ጥቂት የታወቁ ሕጎች አሉ። ሰፊ ሌንስ ይዞ መኪናውን መቅረብ አፍንጫውን ያሳብጠዋል፤ ራቅ ብሎ ረዘም ባለ ሌንስ ማንሣት ግን ትክክለኛውን መልክ ይሰጣል። የፊትና የጎን ገጹ በአንድነት እንዲታይ ከማዕዘኑ በኩል መቆም መልካም ነው። የፊተኛው ጎማ ጥቂት ሲታጠፍ ቸርኬው ወደ ካሜራው ይዞርና ጎማው ሕይወት ያገኛል። አድማሱ የመኪናውን ጣሪያ እንዳይቆርጥ፣ ዛፍም ከጣሪያው ላይ የበቀለ እንዳይመስል ካሜራውን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ካሜራው በጉልበት ቁመት ሲያዝ ትንሽ መኪና ይገዝፋል፤ በዓይን ቁመት ሲያዝ ከሰው ጋር ይተካከላል። የትኛው ትክክል እንደ ሆነ የሚወስነው ሊነገር የተፈለገው ቁም ነገር ነው።

አሁን እነዚህን ሕጎች ይዘን ወደ ሞጆና ሻሸመኔ መንገድ እንመለስ። ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ ነው፤ መሪውም በግራ ነው። መንገዱ ወደ ደቡብ ይወርዳል። እንግዲህ ወደ ሻሸመኔ ያቀና መኪና በጧት ፀሐይ የሚበራው ከግራው፣ ከሾፌሩ በር በኩል ነው። ከቀትር በኋላ ግን ፀሐይ ወደ ምዕራብ ትዞርና የረዳቱን በር ታበራለች። በዚህ ሰዓት ከመንገዱ ምዕራብ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ፎቶ አንሺ፣ ከመኪናው በስተጀርባ የዝዋይን ሐይቅና ከእርሱም ማዶ የአርሲን ተራሮች ያገኛል። ያለው ዳራ እጅግ ውብ፣ ብርሃኑም የተስተካከለ ይሆናል። ከፊት ያለው ወንበር ግን የረዳቱ ነው። ተፈጥሮ ራሷ በቀን አንድ ጊዜ ረዳቱን ወደ መካከል ታመጣዋለች። ያንን ሰዓት መጠቀም ወይም ሾፌሩን ጠርቶ በረዳቱ በር ፊት ማቆም የፎቶ አንሺው ምርጫ ነው።

ፎቶግራፉ ምስክር ሲሆን

የመኪና ፎቶግራፍ ሌላም ጥቅም አለው። መኪና መጠኑ የታወቀ ነገር ነው። ለምሳሌ የቮልስዋገን የፊትና የኋላ ጎማ መካከል 2.4 ሜትር ነው። ስለዚህ ከመኪናው አጠገብ የሚታየው ዛፍ፣ የውኃ ዳርቻ ወይም የመንገድ ስፋት ሳይታሰብ ይለካል። በስምጥ ሸለቆ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የመተሐራው በሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። መንገዱና ሐዲዱም ከውኃው በላይ ከፍ እንዲሉ ተደርገዋል። አብያታ ሐይቅ ደግሞ በተቃራኒው እየሸሸ ሄዷል፤ ወደ እርሱ የሚገባው የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከሐይቁም ውኃ ለሶዳ አመድ ማምረቻ ሲሳብ ዳርቻው ወደ ውስጥ ገብቷል። ከዓመታት በፊት አንድ ቤተሰብ በዕረፍት ቀን መኪናውን አብያታ ዳር አቁሞ የተነሣው ፎቶግራፍ፣ ጀርባው ላይ ቀኑ ከተጻፈበት፣ ለተመራማሪ ሰነድ ነው። ግራሩም እንዲሁ ነው። በፎቶግራፉ ዳራ የሚታየው ደን ዛሬ በሥፍራው ላይኖር ይችላል፤ ለከሰል የተቆረጠውን ዛፍ የሚመሰክርለት ከፊቱ የቆመው መኪና ብቻ ሊሆን ይችላል።

አሜሪካዊቷ ዶሮቲያ ላንግ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከድርቅና ከዕዳ የሸሹ ገበሬዎችን ስታነሣ፣ ዕቃቸውን የጫኑባቸው አሮጌ መኪናዎች በብዙ ክፈፎቿ ውስጥ አሉ። መኪናው ግን መካከሉን ከሰው አይነጥቅም። ፍራሹ፣ ድስቱ፣ የልጁ እግር፣ የእናቲቱ እጅ ከብረቱ እኩል ይታያል። መኪናን ሳያዋርዱ ሰውን ማክበር እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ዛሬና የነገው ሥራ

የዛሬዪቱ አዳማ ለፎቶ አንሺ አዲስ ዳራ አላት። በ2004 እና በ2007 ዓ.ም. በሁለት ምዕራፍ ተመርቀው በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያላቸው የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች ከከተማይቱ በላይ ባሉት ኮረብቶች ቆመዋል። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። በዚህ መንገድ ላይ እንደ ልብ መቆም ክልክል ስለ ሆነ፣ መኪናን በመንገድ ዳር አቁሞ የመነሣት ልማድ ወደ ውስጥ መንገዶች፣ ወደ ሶደሬና ወደ ሐይቆቹ ዳርቻ ተዛውሯል። ሙሽሮች በአበባ ያጌጠ መኪና ይዘው ወደ ውኃው ይወርዳሉ። የባጃጅ ነጂውም ሥራውን ሲጀምር ከባጃጁ ጋር ተነሥቶ ለወላጆቹ ይልካል። በስልክ ካሜራ የሚነሣው ፎቶግራፍ ቁጥር የለውም።

ብዛት ግን ምክክርን ይቀንሳል። በ12 ፎቶግራፍ ዘመን «ማን የት ይቁም?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር። መልሱ ፍትሐዊ ባይሆንም ጥያቄው ነበረ። ዛሬ አንድ ሺሕ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። የወረቀቱም ፎቶግራፍ አደጋ ላይ ነው። ባለቤቱ ሲሞት አልበሙ ይበተናል፤ ቤት ሲፈርስ ሣጥኑ ይጣላል፤ ፎቶ ቤት ሲዘጋ የፊልሙ ነጋቲቭ በከረጢት ይወጣል። በ2003 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የአዲስ ፎቶ ፌስት ትርዒትና ከቤተሰብ አልበም የተሰበሰቡ የአዲስ አበባ አሮጌ ፎቶግራፎች ለሕዝብ መቅረባቸው መልካም ጅምሮች ናቸው። እንዲህ ያለው ሥራ ወደ አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔም መውረድ አለበት። የመንገዱ ታሪክ የሚገኘው በመንገዱ ዳር ነውና።

ለዚህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መምህር ተማሪዎቹን ከየቤታቸው አንድ የመኪና ፎቶግራፍ ይዘው እንዲመጡ ቢያዝ፣ ተማሪዎቹም በክፈፉ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ስም፣ ሥራና ሥፍራ ከሽማግሌዎች ጠይቀው ቢጽፉ፣ በአንድ ወሰነ ትምህርት የአንድ ከተማ የታሪክ መዝገብ ይጀመራል። የባህል ባለሙያ ፎቶግራፎቹን አስገልብጦ ዋናውን ለባለቤቱ ቢመልስ፣ መዝገቡ ማንንም ሳይጎዳ ያድጋል። ፎቶ አንሺውም ካሜራውን ከመዝጋቱ በፊት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቢል፣ ከጠርዝ የቀረው ሰው ወደ ክፈፉ ይገባል።

ከአዳማዪቱ እናት ጋር ስንሰነባበት ፎቶግራፉን ከግድግዳ አውርደን ጀርባውን አየነው። የፎቶ ቤቱ ማኅተም ደብዝዟል፤ ሌላ ጽሑፍ የለበትም። «ስሙን ጻፍልኝ» አሉኝ። በእርሳስ የሁለቱንም ስም ጻፍሁ፤ በመጀመሪያ የሾፌሩን፣ ከሥሩ የረዳቱን። እርሳቸውም ጥቂት አሰቡና፣ «ጀሪካን የያዘው ብለህ ጨምርበት፤ አለዚያ ማንኛው እንደ ሆነ የሚመጣው ትውልድ አያውቅም» አሉ። እንዳሉት ጨመርሁበት። ፎቶግራፉም ወደ ቦታው ተመለሰ።